ከፍ ያለው ጋቢና

መካነ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ሰዲቅን የሚያውቁት ሁሉ ቁም ነገረኛ ሹፌር ይሉታል። ጭነት አያዘገይም፣ በጭቃ መንገድ ላይ አይፎክርም፣ ከማንም ጋር አይጣላም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የራሱ አይሱዙ አለው፤ ከቆላው ጤፍና ማሽላ ወደ ደሴ ያወጣል፣ ሲመለስ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይጭናል። ሰው «አላህ ሰጠህ» ሲለው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልሳል። መኪናውን እንዴት እንደገዛው ሲጠየቅ ግን ወሬውን ወደ ጎማ ወይም ወደ መንገዱ ያዞረዋል።

አባቱ ሸህ አሕመድኑር ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ለመንደሩ ልጆች ቁርኣን ሲያቀሩ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቱ የሞተችው ሰዲቅ ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። ሸሁ ሌላ ሴት አላገቡም፤ ጠዋት ልጆቹን ያቀራሉ፣ ከሰዓት ማሳቸው ላይ ይውላሉ፣ ሲመሽ የሰዲቅንና የእህቱን የቀመርን ልብስ በገዛ እጃቸው ይጥፋሉ። ቀመር ስታድግ ጂዳ ሄደች። ሰዲቅ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ደሴ ላይ መንጃ ፈቃድ አወጣና የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። አራት ዓመት ሙሉ ባለቤቱ ሂድ ያለው ሄዶ፣ ቁም ያለው ቆመ።

በአምስተኛው ዓመት ቀመር ያጠራቀመችውን ላከች። በስልክ ያለችው አጭር ነበር፦ «መኪና ግዙ። አንተም የሰው በር ከመጠበቅ ትገላገላለህ፣ አባዬም ይጠቀሙበት።»

ሰዲቅ «ይጠቀሙበት» የሚለውን ትርፍ ማለቷ ነው ብሎ ሰማው። ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ አላሰበም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ መኪና ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። ሸሁ ምርጫቸውን መጀመሪያ የተናገሩት አንድ ጠዋት ደጅ ላይ ተቀምጠው የልጆቹን ሉህ፣ ቁርኣን የሚጻፍበትን ጣውላ፣ እያጠቡ ሳሉ ነው።

«እኔስ ያች ጎኗ የሚከፈት ሚኒባስ ትሻል ነበር» አሉ።

«ሚኒባሷ በቤንዚን ነው የምትሄደው አባዬ። ቤንዚን የት አለ? አንድ ቀን ቢመጣ ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ ይሻማበታል። ናፍጣ ግን ቢዘገይም አይጠፋም።»

«በሬዲዮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መጥቷል ሲሉ ሰማሁ።»

«እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ ሳምንት ይቆያል። በምን ልንሞላው?»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዲቅ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ቀጠለ። ሰው የሞላ ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ እንደሚወጣ፣ የናፍጣ ሞተር ግን ጉልበቱ ከታች ስለሆነ ሳይጣደፍ እንደሚጎትት፣ ጭነት የሚፈልግ ነጋዴ በየገበያው እንደሚጠብቅ ነገራቸው። «ደግሞ ሰው መጫን ጭቅጭቅ ነው» አለ። «በታሪፍ ይከራከራል፣ በር ላይ ይጋፋል። እህል አይናገርም።»

«እህልስ አይናገርም» ብለው ሸሁ ሳቅ አሉ። ከዚያ ሉሁን ወደ ፀሐይ አዞሩና «ሰውም ቢናገር የሚሄድበት ስላለው ነው» አሉ። ሰዲቅ ግን አሁንም የሚያስረዳው ነገር ነበረውና አባቱ የተናገሩትን ልብ አላለም።

ለመግዛት ደሴ የወጡት የክረምቱ ዝናብ እንዳባራ ነው። ያለው የሚባል ደላላ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም አቁሞ አሳያቸው፤ ነጭ ሚኒባስና ጋቢናው ሰማያዊ የሆነ አይሱዙ። ሸሁ ቀጥ ብለው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ጎኑን አስከፈቱት፣ መርገጫውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ከዚያ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ጫን ጫን አድርገው አዩት። «ዝቅ ያለ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ሰዲቅ በዚህን ጊዜ የአይሱዙውን ሞተር አስነስቶ ጎንበስ ብሎ እያዳመጠ ነበር።

«አባዬ፣ ይምጡ ይስሙት!»

መጡ። ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና ሰሙት። ሰዲቅ የጭሱን ቀለም አሳያቸው፤ ጥቁር ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ፣ ነጭ ሲሆን ምን እንደሆነ። ዘይቱን በመለኪያው አውጥቶ ጣቱ ላይ አሸው። ሰዲቅ የናፍጣውን ፓምፕ እየነካ ያላስተዋለውን ልቅ ብሎን ሲያሳየው ደላላው ዞር ብሎ ሸሁን «አባቴ፣ ልጅዎ እኔንም አስተማረኝ» አላቸው።

ሸሁ ፈገግ አሉ። አንድ ጊዜ ወደ ነጩ ሚኒባስ ተመለከቱ። ከዚያ «እንግዲህ ሥራው ያንተ ነው፤ የምታውቀውን ያዝ። አላህ ይባርክልህ» አሉ።

የሚሄዱበት ሰዓት ሲደርስ ሸሁ ጋቢናው ላይ መውጣት አቃታቸው። ግራ እግራቸውን መርገጫው ላይ ሰቀሉ፣ መያዣውን ጨበጡ፣ ከዚያ በላይ አልሄደላቸውም። ደላላውና የግቢው ዘበኛ ከኋላ ደግፈው ሲያነሷቸው ጥምጥማቸው ወልቆ መሬት ወደቀ። ዘበኛው አንስቶ፣ አራግፎ ሰጣቸው። ሰዲቅ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ሳቀ። «ይለምዱታል አባዬ» አለ። ሸሁ እስከ አቀስታ፣ ከአቀስታም እስከ መካነ ሰላም ድረስ መያዣውን እንደጨበጡ ሄዱ። ሰፈር ሲደርሱ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ወርደውም ቤት ሳይገቡ አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዲቅ መንገዱ ያደከማቸው መሰለው።

ከዚያ በኋላ «ደሴ ልሄድ ነው፣ ይምጡ እናናፍስ» ባላቸው ቁጥር ሰበብ አያጡም ነበር። ዛሬ አዲስ ልጅ ይገባል፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ። ሰዲቅም ደጋግሞ መጠየቁን ቀስ በቀስ ተወው። መኪናው ደግሞ በተናገረው ሁሉ አላሳፈረውም። ቤንዚን ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ተደርድረው በቆሙበት ሳምንት የእሱ አይሱዙ ሥራ ላይ ነበር። በደጋው ብርድ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ትንሽ ይለግማል እንጂ ዳገት አያውቅም። መንደሩ ውስጥ ሲገባ ልጆች ይሮጣሉ፣ ጎረቤት ይመርቃል። ሰዲቅ ልክ እንደነበረ በየቀኑ ያይ ነበር፤ ልክ መሆኑም ሌላውን ሁሉ ሸፈነበት።

ባለፈው ዓመት አንድ የገበያ ቀን ኩታበር ላይ ወደ ደሴ የሚወስደውን ድንች እያስጫነ ሳለ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። በሩ ተከፈተና ሁለት ተሳፋሪዎች አንድ ሽማግሌ ደግፈው አወረዱ። ሽማግሌው መሬት ሲረግጡ አንድ እግራቸውን አራገፉ፣ ዳሌያቸውን ያዙ፣ ዱላቸውን ተቀበሉ። ሰዲቅ አባቱ መሆናቸውን ያወቀው ያኔ ነው። መንገዱን ተሻግሮ ሮጠ።

«አባዬ! ወዴት ነው?»

«አጅባር። ጠልሐ ታሟል ብለው ደወሉልኝ።» ጠልሐ ታላቅ ወንድማቸው ነው።

«ለምን እኔ ጋ አልደወሉም? እዚሁ መንገድ ላይ አይደለሁም እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነህ ብዬ ነው። እግሬን ላፍታታ ነው የወረድሁት፤ አሁን እንሄዳለን።»

ሰዲቅ ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየ። ድንቹ ግማሽ ተጭኗል። «ላራግፍና ላድርስዎት» አለ።

ሸሁም ወደ መኪናው አዩ። ዓይናቸው ጭነቱ ላይ አልነበረም፤ ጋቢናው ላይ ነበር። «ተው፣ የሰው ንብረት ነው። ከዘገየሁ ወንበሬን ሌላ ይይዘዋል» ብለው ወደ ሚኒባሱ ተመለሱ።

ሰዲቅ ያን ጊዜ ቅልል አለው። ይህችን ቅልል ማለቱን ነው እስከ ዛሬ የማይረሳት። ሌላ አንድ ጊዜ ቢለምናቸው፣ እጃቸውን ቢይዝ ኖሮ ምናልባት እሺ ይሉ ነበር። እሱ ግን ነጋዴው እየጠበቀው ነበርና እጁን አውለብልቦ ወደ ድንቹ ተመለሰ።

ሚኒባሱ ከኩታበር ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫ አልያዘም ነበር፤ ሌላ መኪና ጎማ እስኪያመጣለት ተሳፋሪው መንገድ ዳር ተቀመጠ። ሸህ አሕመድኑር አጅባር የደረሱት ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጠልሐ ቀትር ላይ አርፎ ተቀብሯል። ሰዎች ከመቃብር ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኟቸው።

ሰዲቅ በማግስቱ ባዶ መኪና ይዞ ለቅሶ ደረሰ። አባቱ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ አገኛቸው። ጥቂት ቆይቶ ቀመር ከጂዳ ደወለች። አልቅሳ ስታበቃ «አባዬ በዚያ ዳሌያቸው እንዴት ደረሱ?» አለችው።

«የምን ዳሌ?»

«አላወቅህም እንዴ?» አለች ቀመር። «የደሴው ሐኪም አጥንቱ እያለቀ ነው ካላቸው ስንት ጊዜው። ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት አልችልም፣ አውቶቡስም እየከበደኝ ነው፣ ጠልሐን ሳላየው እንዳልቀር ሲሉኝ ነው እኮ መኪና ግዙ ያልሁት። አንተ ጋ ስለሆኑ የነገሩህ መስሎኝ።»

ሰዲቅ ስልኩን ዘግቶ ከደጅ ቆመ። ደሴ ያ ግቢ ውስጥ መርገጫውን የዳበሰው መዳፍ ትዝ አለው። ከኋላ ሁለት ሰው ሲያነሳቸው የሳቀው ሳቅም ትዝ አለው።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

ሸሁ ስለ ምን እንደሚያወራ አልጠየቁትም። የሙስበሃቸውን ዶቃ አንድ በአንድ ቆጥረው አስቀመጡት።

«ስለ ሞተሩ ስታስረዳ እየሰማሁህ ነበር» አሉ። «እኔ ከቁርኣን ቂርኣት ሌላ ያስተማርሁህ ነገር የለም። ያን ሁሉ ከየት አወቀው አልሁ። ያለ እናት ያደገ ልጅ እንዲህ ሰው ፊት ሲናገር ደስ አለኝ። በዚያ መሀል ዳሌዬን ያመኛል ልበልህ?»

«ቢሉኝ ሚኒባሱን እንገዛ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ሲመለሱም ሸሁ በሚኒባስ ሄዱ። ሰዲቅ ባዶ አይሱዙውን ይዞ ከአጅባር እስከ ደሴ ከኋላቸው ተከተለ። ሚኒባሱ ሲቆም ይቆማል፤ ሲነሳ ይነሳል። በሚኒባሱ የኋላ መስታወት የአባቱ ነጭ ጥምጥም ይታየዋል። የሚኒባሱ ሹፌር ቀድሞ እንዲያልፍ ቦታ ሰጥቶት ነበር፤ እሱ ግን አላለፈም።

ያን ሳምንት መኪናውን ሸጦ ሚኒባስ ሊገዛ ተነሳ። አባቱ ከለከሉት። «ጠልሐ የለ፣ ወዴት ልሄድበት ነው?» አሉት። ሰዲቅ መካነ ሰላም ብረት በያጅ ዘንድ ሄዶ ሦስት እርከን ያለው መሰላል አሠራ፤ ጋቢናው ላይ የሚንጠለጠል። ሸሁ ልጃቸውን ላለማስቀየም አንድ ጠዋት ሞከሩት። ሁለተኛው እርከን ላይ ቆሙ፣ ላብ ግንባራቸውን አጠመቀው፣ «ይበቃኛል» ብለው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ዳሌያቸው እየባሰ ሄዶ አሁን ከግቢ አይወጡም። ተማሪዎቹ አልጋቸው አጠገብ መጥተው ቁርኣን ይቀራሉ።

ሰዲቅ ሥራ በማይኖረው ቀን አቅፎ ፀሐይ ላይ ያወጣቸዋል፤ ከጠበቀው በላይ ቀልለዋል። እሳቸውም ስለ መንገዱ ይጠይቁታል፤ አቀስታ ላይ ገብሱ እንዴት ነው፣ ድልድዩን ጎርፍ አልነካውም ወይ፣ ደሴ ላይ ምን አየህ። እሱ አንድ በአንድ ይነግራቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል።

አንዳንዴ «የአጅባሩ መንገድስ?» ይላሉ።

ሰዲቅ ከለቅሶው ወዲህ በዚያ በኩል ጭነት አይቀበልም። ይህንን ግን አይነግራቸውም።

«ደኅና ነው አባዬ» ይላቸዋል።