ዝም ያለው የጣት አሻራ ማሽን

የምሠራው ድሬ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ በተቀጠለች ቢሮ ውስጥ ነው። ከውጭ የሚመጡ የጣት አሻራ ማሽኖች ላይ የራሳችንን ሶፍትዌር ጭነን ለድርጅቶች እንሸጣለን። ሶፍትዌሩን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ለአንድ ልብስ ፋብሪካ የሠራተኛ መግቢያ ማሽን ስናዘጋጅ አለቃዬን አንድ ነገር ለመንኩት። ድምፅ ማውጫውም መብራቶቹም ማሽኑ ላይ ተገጥመው ነው የመጡት፤ የቀረው እነሱን የሚያዝ ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ ነው። "ጣት ሲያነብ 'ጢጥ' ብሎ አረንጓዴ ይብራ፤ ካላነበበ ረዘም አድርጎ ይጩህ፣ ቀይ ይብራ" አልኩት።

"አቦ አታካብጂ! ስክሪኑ ላይ ይጻፍ የለ?"

ይጻፋል። በእንግሊዝኛ፣ ጤፍ በሚያህል ፊደል፣ ያውም ጣት ሳይነሳ ይጠፋል። ብከራከርም የማስረከቢያው ቀን ደርሷል ተባለና ማሽኑ እንዳለ ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ ፋብሪካው "በር ላይ ሰልፍ በዛ" ብሎ ደወለ፤ እኔ ተላክሁ። ገና በጠዋቱ የድሬ ፀሐይ ማቃጠል ጀምራለች። ሴቶቹ ጣታቸውን ያስነካሉ፣ ማሽኑን ያዩታል፤ ዝም ይላቸዋል። ይጠራጠሩና ደግመው ያስነካሉ። ደነገጥኩ። ፋብሪካው ባዘዘው አሠራር ሁለተኛው ንክኪ "ወጣች" ማለት ነው።

ወዲያው ጩኸት ሰማሁ። ተቆጣጣሪው አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት በሰው ፊት አቁሞ ይሰድባል። "ትናንት ገብተሽ ወዲያው ወጥተሻል! ሌባ!"

"ወላሂ ከስፌቴ አልተነሳሁም!" እንባዋ በሻሿ ጫፍ ላይ ይወርዳል። ጓደኛዋ በኦሮምኛ ልትመሰክርላት ብትሞክር ዞሮም አላያት።

ደሜ ፈላ። "ጥፋቱ የማሽኑ ነው" አልኩት።

"ማሽን አይዋሽም። አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"ሶፍትዌሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ና እይ!" ልጅቷን ይዤ ጣቷን ሁለቴ አስነካሁና ኮምፒውተሩን አሳየሁት። እሷ አጠገባችን ቆማ፣ እዚያ ላይ ግን "ወጥታለች" ይላል። አየ። በእጁ የያዘውን፣ ለእሷ የጻፈውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቀደደና ሊሄድ ተነሳ።

"ይቅርታ በላት እንጂ! የሰደብካት እኮ በሰው ፊት ነው!"

"ተስተካከለ አይደል? ምን ትፈልጊያለሽ?" ብሎኝ ገባ።

ቢሮ ስደርስ ቁጭ እንኳ ሳልል አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። "ወይ ድምፁን እጨምራለሁ፣ ወይ ሥራህን ተረከበኝ" አልኩት። "እሺ፣ ጨምሪው" አለኝ። ድምፁንም መብራቱንም ጨመርኩ፤ በተከታታይ የሚነካ ጣትም እንደ መውጫ እንዳይቆጠር አደረግኩ። ስንጭነው ሰልፉ ፈጠን ፈጠን እያለ ገባ። አንዲት እናት "ጢጥ" ሲላት "እሺ፣ ሰማሁ" ብላው አለፈች፤ ሁሉም ሳቁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። አለቃዬ ያንኑ ድምፅ ለፋብሪካው "ተጨማሪ አገልግሎት" ብሎ እንደሸጠው ሰማሁ።

"የራሳችንን ጉድለት ነው የሸጥክላቸው?"

"ንግድ ነው አቦ፣ ተረጋጊ።"

አልተረጋጋሁም። ያቺን ልብስ ሰፊ በቀደም ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ አገኘኋትና ተቃቅፈን ሰላም ተባባልን። ተቆጣጣሪው ይቅርታ ጠይቋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"እሱ? ጭራሽ ሰላምታም ከለከለኝ" አለችና የልጇን ጫማ መምረጥ ቀጠለች። እሷ ትታው ይሆናል። እኔን ግን አሁንም ያንገበግበኛል።