ጋሼ ሬዲዮናቸውን ይዘው የመጡበት ዕለት

ነገሌ ውስጥ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሰው «ወደ መምህሯ ውሰደው» ይባላል። መምህሯ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ስለዚህ የገዛ ኮምፒውተሬ ያሸነፈኝ ጊዜ ለማን እንደምናገር ጨነቀኝ።

ባለቤቴ አናጢ ነው። አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ልሠራለት ተነሳሁ። ሞተሮቹን ዘመዴ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ፤ ብረቱን የሰፈራችን በያጅ በየደው። መቆጣጠሪያው ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የመረጥኩት አዲሶቹ የሌላቸው ሰፊ የፕሪንተር መሰኪያ ስላለው ነበር፤ ለሞተሮቹ ትእዛዝ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። መጀመሪያ የቀረጸው አንዲት ትንሽ አበባ ነበረች። ባለቤቴ እንጨቱን አገላብጦ አየና «እጅሽ ሳይነካው?» አለኝ። ያቺ ቃል ለሳምንታት ድካሜ በቂዬ ነበረች።

ከዚያ አንዲት እናት ከቦረናዋ ዱብሉቅ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ቁም ሳጥን ፈልገዋል። ከነጠላቸው ሥር ጎርፋ አወጡ፤ በጥብቅ ተሰፍታ የተሠራች የወተት ዕቃ ናት።

«በሩ ላይ ይሄ ይውጣልኝ» አሉ፣ ስፌቱን በጣታቸው እየተከተሉ። «የእናቴ እጅ ነው። ልጄ ስታየው አያቷን ታስታውስ።»

ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ባለቤቴ በመሮ ልፈልፍለው ቢል አይደርስም። «ይደርሳል» ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ስፌቱን ጎርፋዋ ላይ እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ ሣልኩት። የመጀመሪያው ሳንቃ ግማሽ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስክሪኑ ላይ «ጠርዝ ተነክቷል» የሚል መልእክት ወጣ። ማሽኑ ከልኩ እንዳያልፍ ዳርና ዳር ላይ ትንንሽ ስዊቾች አሉ፤ አንዱ ከተነካ ሁሉም ነገር ይቆማል። እኔ ግን ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁ ነው፤ ምንም የነካ ነገር የለም። እንደገና ሳስነሳው መፈልፈያው ቦታውን ስቶ ጌጡን ቦረቦረው።

ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈትቼ አቧራውን አራገፍኩ። ሚሞሪውን ቀየርኩ። ሥራ መሃል እንዳያንቀላፋ እንቅልፉን ዘጋሁበት። በመጨረሻ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ፕሮግራሙን ከባዶ ጫንኩ። ሁለተኛው ሳንቃ ተበላሸ። ሦስተኛውም ተበላሸ። ባለቤቴ ለዓመታት ያደረቀው ጥሩ የዋንዛ እንጨት ነበር። አራተኛውን አምጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎልኝ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ብቻዬን ስቀር አለቀስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሼ በር ላይ ቆሙ። ድሮ እዚሁ ጦር ሰፈር የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ወደየትም አልሄዱም፤ አገራቸው ጉጂ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሸከሙም፣ መጋዘን ሲጠብቁም ኖረዋል።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«ናጋ ጋሼ፣ ይግቡ።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄ ነገርሽ ሲነሳ ሬዲዮኔ ይንጫጫል። ዜና መስማት አቃተኝ።»

ለጠብ የመጡ መሰለኝ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አላስነሳውም። ለእኔም አልሆነኝ» አልኳቸውና የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ከዚያ ሄደው ያችን በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ሬዲዮናቸውን ይዘው ተመለሱ። ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርገው ድምፁን ጨመሩት።

«አስነሺው» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ አጠገብ ሲይዟት ዝቅ ባለ ድምፅ ሽሽሽ አለች። በገመዶቹ ላይ ቀስ ብለው ወሰዷት። የመፈልፈያው የኃይል ገመድና ቀጫጭኖቹ የስዊች ሽቦዎች አንድ ላይ የታሰሩበት ቦታ ስትደርስ ጮኸች፤ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት።

«ማነው እነዚህን አንድ ላይ ያሰራቸው?»

«እኔ ነኝ። እንዲያምር ብዬ።»

ሳቁ። «እኛ ጋ እንዲህ ያሰረ ይቀጣ ነበር። ትልቁ ገመድ ሲጮህ ትንሹ ሽቦ ይደነግጣል። የደነገጠውን ነው ኮምፒውተርሽ ‹ተነካሁ› ብሎ የሚያነበው። የመሬት ሽቦውስ የታል?»

የመሬት ሽቦ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ያለው ሦስተኛው የሶኬት ቀዳዳ ከኋላው ባዶ ነበር። እኔ ይህን ሳላይ ኮምፒውተሩን ስበልት ሰነበትኩ።

ገመዶቹን ለያየን። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ረጅም ብረት በመዶሻ ቀበረ፤ ቀዩ አፈር እንደ ድንጋይ ደርቆ ላብ በላብ አደረገው። ጋሼ ዙሪያውን አስቆፍረው ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው አስጨመሩ፣ ውሃ አስፈሰሱ። ማሽኑን ስናስነሳው የሬዲዮዋ ጩኸት ቀነሰ። በቁራጭ እንጨት ላይ ሞከርኩት፤ ከቀድሞው ብዙ ርቆ ሄደና ያው መልእክት ወጣ።

ተስፋዬ ተሟጠጠ። ጋሼ ግን በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። «ኦብሲ፣ ታገሺ። መንገዱ ላይ ነን።»

የመሬቱን ሽቦ በእጄ እየዳበስኩ ከጉድጓዱ ጀምሬ እስከ ማሽኑ ተከተልኩት። መጨረሻው ላይ በቡሎን የታሰረበት ብረት ቀለም የተቀባ ነበር፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የቀባሁትም እኔ ነኝ። በቢላ እስኪያበራ ፋቅኩትና መልሼ አጠበቅኩት። ከዚያ በኋላ መፈልፈያው አራተኛውን ሳንቃ ከዳር እስከ ዳር ጨረሰው። ሦስታችንም ቆመን አየነው። ባለቤቴ ብናኙን በመዳፉ ሲጠርግ የጎርፋዋ ስፌት ከሥሩ ወጣ።

ቁም ሳጥኑ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። እናትየዋ ሊጭኑት መጥተው ጣታቸውን በጌጡ ላይ እያስኬዱ ብዙ ቆዩ። «እናቴ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ታሳስት ነበር» አሉ አንድ ቦታ ላይ ቆመው፣ «እሱንም አልተዋችሁትም።» መረቁን፤ ጋሼንም አብረው መረቋቸው።

ጋሼን በምን እንደማመሰግናቸው ግራ ገባኝ። ስጦታ ብሰጣቸው እምቢ አሉ። መስከረም ላይ ክፍሌ መጥተው ተማሪዎቼን እንዲያስተምሩልኝ ለመንኳቸው። ኮታቸውን አስተኩሰው መጡ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ፣ ጠመኔው እጃቸው ላይ እየተሰበረ፣ ሽቦ ከሽቦ እንዴት እንደሚጣላ አስረዱ። ደወሉ ተደውሎም ልጆቹ ጥያቄ አላቆሙም።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆም ብለው እጄን ያዙ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ከዚያ ጦር ሰፈር ከወጣሁ ጀምሮ የምታውቀውን ንገረን ያለኝ ሰው አልነበረም። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።