አፍንጫው መስቀለኛ መንገድ ላይ

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «አርክቴክቱ» ነው የሚለው። ማዕረጉን ትምህርት ቤት አልሰጠውም። ራሱ ለራሱ ሰጠ፣ ራሱ አጨበጨበ። ሰፈሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያበላሽም፤ ሰው ራሱ ላይ ቆብ ሲደፋ ካየ፣ ዓይኑን እስኪሸፍነው ድረስ ወደ ታች ይጎትትለታል። «አርክቴክት፣ እንደምን አደርክ?» ይሉታል። እሱም አንገቱን ሰበቅ አድርጎ፣ «ይመስገን፤ ትናንት አንድ ድልድይ ጨረስኩ» ይላል።

ድልድዩ ያለው ፍላሽ ውስጥ ነው።

የመኪና ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ጌሙ ይዞት የመጣው ከተማ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ሌላ ዳገት፣ ሌላ አደባባይ፣ ሌላ አውቶቡስ ያምራቸዋል። እናም በየአገሩ እንቅልፍ የራቃቸው ተጫዋቾች ቁጭ ብለው አዲስ ከተማ ይሠራሉ፤ ማፕ ይሉታል። አዲስ መኪና ወይም አዲስ ጡሩምባ ሲሆን ደግሞ ሞድ ነው። ብዙዎቹ የለፉበትን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀምጡና ከሥሩ እንዲህ ብለው ይለምናሉ፦ ስማችንን አታጥፉ፣ አትሽጡት። አርክቴክቱ ልመናውን በጥሞና ያነበዋል። ከዚያ መጀመሪያ ስሙን ያጠፋል፣ ቀጥሎ ይሸጠዋል። በሥነ ሥርዓት የሚሠራ ሰው ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ይህን የተናገሩት አባቶች አርክቴክቱን አላዩትም። እሱማ በሰው ወርቅ ደምቆ፣ ለባለወርቁ መስታወት ያዝልኝ የሚል ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ጓደኛው የጻፈለትን የሠርግ ግጥም «የኔ ነው» ብሎ አነበበና መሃል ላይ ሲደርስ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነበር አሉ። ጓደኛው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ የነበሩት «ምነው አንተ እንዲህ መጻፍ ባወቅህ!» ብለው እስከ ዛሬ ይተርቱበታል።

ሱቁ የታላቅ እህቱ ሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ ሱቅ ካሉት። በፀጉር መታጠቢያውና በመጥረጊያው መሃል አንዲት ማዕዘን አለች፤ ድሮ የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን ሳህን ይቀመጥባት የነበረች ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ዘርግቶ ይቀመጣል። ደንበኛ ከመጣ ስለ ድልድይና ስለ አስፋልት ያወራል። ካልመጣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ለተቀመጡት ሴቶች ያወራል። እነሱ ማሽኑ ጆሯቸው ላይ እየጮኸ ምንም ስለማይሰሙ አንገታቸውን ይነቀንቁለታል። በዚህች ዓለም ላይ የሚያምኑት እነሱ ብቻ ናቸው።

አንድ ገመና አለው፤ ነገሩ በሹክሹክታ ነው የሚወራው። ጌም ያዞረዋል። ከሕፃንነቱ መኪና ላይ ያስመልሰው ነበር፤ ካደገ በኋላ ደግሞ የስክሪን ላይ መኪናም እንደዚያው ሆነበት። ከተማ የሚቸረችር ሰው፣ በሸጠው ከተማ ሁለት መታጠፊያ አልፎ አያውቅም። አዲስ ማፕ አውርዶ ስሙን ከቀየረ በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ይከፍታል፣ «አርክቴክቱ የሠራው» የሚለው መኖሩን ያያል፣ ሆዱ መገላበጥ ሲጀምር ይዘጋዋል። ወጡን ሳይቀምስ የሚያወጣ ወጥ ቤት በሉት።

አንድ ጠዋት እህቱ ማበጠሪያዋን እንደያዘች መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«ስማኝ አንተ። ማዕዘኗን እፈልጋታለሁ። ሁለተኛ መታጠቢያ ላስገባ ነው።»

«እታለም፣ ከተማ እየሠራሁ እኮ ነው!»

«ከተማ ከሠራህ እዚያው ግባና ኑርበታ!»

ካስክ ሥር ያሉት ሴቶች እንኳ ሰሙ። ሳቃቸውን በፎጣ አፈኑት።

«እስከ ወሩ መጨረሻ የምትቀመጥበት ካገኘህ እሰየው፤» አለች። «ካላገኘህ አጎታችን ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚሸከምለት አጥቷል። ተናግሬልሃለሁ።»

አርክቴክቱ ወፍጮ ቤቱን አሰበው። ጫጫታው፣ ብናኙ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ሁሉ እያየው ጆንያ ተሸክሞ መውጣቱ። ጆንያ ደግሞ የተሸከመው ሰው ስም አይጻፍበትም።

ዕድል ግን አልጨከነችበትም፤ ወይም ልታላግጥበት ፈለገች። ከፀጉር ቤቱ ጀርባ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ አለ። ባለቤቱን ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና የፈጁ ሰው ናቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንኳ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ተማሪዎቻቸው የመንገድ ምልክት ሳያውቁ መኪናቸውን እየገጩ ስላስመረሯቸው መሪና ፔዳል ያለው ያገለገለ ኮምፒውተር ገዙ። አርክቴክቱ ይህን ሲሰማ ሮጦ ሄደ።

«ጋሼ፣ በምልክት የተሞላ ከተማ እሠራልዎታለሁ። ራሴ፣ በእጄ።»

«ትችላለህ?»

«ጋሼ ደግሞ! ሥራዬ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ስማ። ከቻልክ ከጀርባ ያለችውን ክፍል እሰጥሃለሁ። ጠረጴዛ አላት። በሩ ላይም ‹የኮምፒውተር አስተማሪ› ብለን እንጽፋለን።»

በሩ ላይ! አርክቴክቱ ያን ዕለት ፀጉር ቤት ሲመለስ አንገቱ በበሩ አልገባ ብሎት ነበር።

ማፑን ለማግኘት አልደከመም። ምልክት የሚወድ አንድ የማይታወቅ ሰው፣ በየመታጠፊያው «ቁም»፣ በየአደባባዩ «ቅድሚያ ስጥ» የተከለበት ከተማ ሠርቶ በነፃ አስቀምጦ ነበር። አርክቴክቱ አወረደውና የሰውየውን ስም ለማደን ፋይሎቹን መፈተሽ ጀመረ። አንድ ትልቅ ሥዕል አገኘ። ላዩ ላይ ምልክቶች እንደ ገበያ ቀን ተጨናንቀዋል፤ ከግርጌው የሠሪው ስም አለ። «አሃ! የራሱ ማስታወቂያ» አለ አርክቴክቱ።

ማስታወቂያ አልነበረም። በዚህ ሙያ የከተማው ምልክት ሁሉ አንድ ሰፊ ሥዕል ላይ ይሳላል፤ ጌሙ ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ቋሚ ብረት ድርሻውን ቆርጦ ይሰቅልለታል። ማፕ የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ማፕ የሚሸጠው ግን አያውቅም። ፎቶ ቤት በተዋሰው ኮትና ክራቫት የተነሳውን ጉርድ ፎቶ አመጣና ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አለበሰው። ከዚያ ማፑን ከፈተ፤ ስሙ አለ፤ መነሻው የመኪና ማቆሚያ ግቢ ነውና አንድም ምልክት አይታይም። ሊያዞረው ሲል ዘጋው።

ማፑ ማሠልጠኛው ውስጥ በሚመረቅበት ዕለት እህቱ ፀጉር ቤቷን ዘግታ መጣች። ፀጉሯ በቢጎዲን የተጠቀለለ አንዲት ደንበኛም «ይሄማ አያመልጠኝም» ብላ ተከተለቻት። መሪው ላይ የተቀመጠችው የሰፈሩ ፋርማሲስት ነበረች፤ ለመንጃ ፈቃድ ደጋግማ ወድቃ፣ መሪ ስታይ መዳፏ የሚረጥብ። ጋሽ ፍሬን ከጀርባዋ ቆሙ። አርክቴክቱ እንዳያዞረው ጀርባውን ለስክሪኑ፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ንግግር ጀመረ።

«ይህን ከተማ ስሠራ ያሰብኩት ስለ ትውልዱ ነው…»

ፋርማሲስቷ ከግቢው ወጣች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ጋሽ ፍሬን መነጽራቸውን አደረጉ። «ጆሮ… ይመስለኛል።»

«ጆሮ ሳይ ምን ላድርግ?»

«እስቲ ቀስ ብለሽ እለፊ።»

«…እያንዳንዱን ምልክት በእጄ ነው የሳልኩት፤» ይላል አርክቴክቱ፣ ጀርባውን እንደሰጠ። «ሕጉን አንድ በአንድ ጠብቄ።»

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ዓይን መጣ። እዚህ ክብ ብረት ላይ የሚሆነው መግባት ክልክል አልነበር?»

«ዓይን ሕጉ ውስጥ የለም ልጄ። እኔ እስከማውቀው የለም።»

«…ደግሞም ውጭ አገር ካሉት ቢበልጥ እንጂ…»

መስቀለኛው መንገድ ላይ ደረሰች። እዚያ፣ ቁም የሚለው መቆም በነበረበት ቦታ፣ እንደ ድንች የተድቦለቦለ አንድ አፍንጫ ቆሟል። ፋርማሲስቷ ተጠራጠረች፣ ነዳች፤ ከቀኝ የመጣ ከባድ መኪና ጠራርጎ ወሰዳት። የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር ወለሉን ሊበሳው ደረሰ።

«አፍንጫ እኮ ነበር!» ብላ ጮኸች። «አፍንጫ ላይ ቅድሚያው የማን ነው?»

እህትየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። አየችው። ደግማ አየችው።

«ይሄን አፍንጫማ አውቀዋለሁ፤» አለች። «በልጅነቱ ስጠርገው የኖርኩት ነው!»

ባለቢጎዲኗ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ መቆም አልቻለችም። አርክቴክቱ ዞረ። ከተማው በሙሉ እሱ ነበር። ግማሽ ከንፈሩ አደባባዩን ይጠብቃል፣ ክራቫቱ እግረኛ ያሻግራል፣ ሌላኛው ጆሮው ፍጥነት ይወስናል። ሌላ ሰው ቢሆን ወጥቶ ይሮጥ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ዘመናዊ ምልክት ነው» አለ። «ሠለጠኑ የሚባሉት አሁን በዚህ ነው የሚነዱት።»

«እንዲያ ከሆነ ና ንዳውና አሳየን፤» አሉ ጋሽ ፍሬን ረጋ ብለው። «የሠራኸው ከተማ አይደል?»

ፋርማሲስቷ ተነሳችለት። ተቀመጠ። አንደኛውን መታጠፊያ ታጠፈ፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ሁለተኛው ላይ የገዛ ዓይኑ ከሩቅ እያፈጠጠ መጣበት። ጎንበስ አለና ቁርሱን እንዳለ ፔዳሉ ላይ መለሰው። ያውም ፍሬኑ ላይ።

ጋሽ ፍሬን ብዙ አልተናገሩም። «መንገድ የሚዘጋ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ናዳም፣ ጎርፍም፣ አህያም» አሉ። «በአንድ ፊቱ ከተማ ሙሉ የዘጋ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። መጥረጊያው በሩ ጀርባ ነው።»

ጠረገ። እህቱ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ክንዱን ያዘች።

«በል እንሂድ። ጆንያ አያዞርም።»

ፋርማሲስቷ እውነተኛውን ማፕ የዚያኑ ቀን ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችው፤ በነፃ፣ ከነሠሪው ስም። ማሠልጠኛው እስከ ዛሬ የሚጠቀመው እሱን ነው፤ የሠሪውንም ስም ጋሽ ፍሬን በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈውለታል። እሷም ፈተናዋን አለፈች። ፈታኙ መግባት ክልክል የሚለውን ሲያሳያት «ግራ ዓይን» ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር አሉ።

አርክቴክቱ አሁን ወፍጮ ቤት ነው። ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ጆንያ ይሸከማል፤ ትምህርት ያገኘ ይመስላችኋል። እህሉ የሰው፣ ወፍጮው የአጎቱ፣ መብራቱ የመንግሥት ነው። እሱ ግን ዱቄቱን ለባለእህሏ ሴት ሲያስረክብ ቆንጠር ያደርግና በጣቱ መሃል እያሸ፣ አንገቱን ሰበቅ አድርጎ፣ «እዪልኝ ልስላሴውን፤ የኔ ሥራ ነው» ይላል።