ቅሬው ወደ ቦኖው የወጣ ቀን

ታላቅ ወንድሜ የሞተው ውሃ ጠጥቶ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲሁ ነው የምመልሰው። የሰፈራችን ቦኖ ከደረቀ ወራት አልፈው ነበርና ከቦርከና ወንዝ እየቀዳን እንጠጣ ነበር። ተቅማጥ ያዘው። ሐኪም ቤት አደረስነው፤ አልተረፈም። አላህ ይርሀመው።

ጀናዛው ሲታጠብ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ያለችውን ውሃ በጄሪካን ይዞ መጣ። ያን ቀን ውሃ ተረፈን። ይህን... ይህን አልረሳም።

ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ የቀበሌው ሰው መጣ። ካጽናናን በኋላ ቦኖው ለአንድ የግል ድርጅት ሊሰጥ እንደታሰበ ነገረን። ሰፈሩ እንዲስማማ ፈለገ።

«ይስጡት!» አለ ጎረቤታችን ባለጋሪው። «መንግሥት ይዞት ምን አየን? አቧራ! ነጋዴ ቢያንስ ሳንቲም ስለሚወድ ውሃውን ያመጣል።»

«ሳንቲም የሌለውስ?» አለች አክስቴ ከሴቶቹ በኩል።

«እሱማ ቦርከና አለለት!»

«ለቦርከና ወንድሜን ሰጥቻለሁ» አልኩ። መቆሜን ያወቅሁት ሁሉም ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው። «የመንግሥትና የነጋዴን ነገር ተዉኝ። ቧንቧው የት ጋ እንደተሰበረ መጥቶ ያየ አለ?»

የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ዳኛ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «ታኢ፣ ተው፤ ተቀመጥ ልጄ። ሶብር አድርግ። ቅሬ የሞተ ይቀብራል እንጂ ቧንቧ አይጠግንም።»

«እንግዲያው ውሃ እንድታመጡልኝ መሞት አለብኝ፣ አባባ?»

እሳቸው ዱዓ አስጀመሩ።

በማግስቱ ማለዳ የቅሬውን ለፋፊ ቤቱ ሄጄ ቀሰቀስኩት።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

«ማንም። ‹ቅሬ ወደ ቦኖው ውጡ› በል ብቻ።»

«ዳኛው ይገሉኛል!»

«እሱ ነው ያዘዘኝ በላቸው።»

በእኛ አገር ቅሬ ሲጠራ ወንዱ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። ማን እንደሞተ የሚጠይቀው መንገድ ላይ ነው። ሁሉም መጡ። ሟች እንደሌለ ሲያውቁ ዳኛው ተቆጡ።

«በሞት ትቀልዳለህ?»

«ወላሂ አልቀለድኩም። አንድ ሰው ቀብራችኋል። ሌላ ሰው ከመቅበር ይህን የቧንቧ መስመር መቆፈር ይቀላል።»

አላቀረቀርኩም።

«ከወጣሁ አይቀር» አለና ባለጋሪው ዶማውን አነሳ። ሌላውም ተከተለው።

የቀበሌው ሰው እየሮጠ ደረሰ። «የመንግሥት ንብረት ነው! ነገ ደግሞ የድርጅቱ ነው! ማን ፈቀደላችሁ?»

ዳኛው ቀና አሉ። ለካ እሳቸውም መቆፈር ጀምረዋል። «መቃብር ስንቆፍር ማን ይፈቅድልናል? ዞር በል፣ አፈር እንዳይመታህ።»

የተሰነጠቀውን ቧንቧ መንገዱ መሃል አገኘነው። ባለሙያ ካልመጣ ጉድጓዱን አንደፍንም፣ መንገዱም አይከፈትም አልን። ባለሙያው በዚያው ቀን መጥቶ ጠገነው፤ ውሃውም መጣ።

ቦኖውን ማን ይያዘው የሚለው ገና አልተወሰነም። እኔን ግን ቅሬው ያለ ሞት በማስጠራቴ ቀጣኝ። ቅጣቴን ከፈልኩ። ነገ መንግሥትም ይያዘው ነጋዴ፣ ውሃው ከቆመ ዳግም አስጠራለሁ፤ ዳግም ይቅጡኝ።