ለማዕዘኗ የተባለው ስፖንጅ

ጥቃቅን ሚስማሮች በከንፈሯ ይዛ፣ በግራ እጇ ቆዳውን ወጥራ፣ በቀኟ መዶሻዋን ቀስ እያደረገች ታሳርፋለች። ሙያዋ ወንበርና ሶፋ ማልበስ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረች የሆቴሉን፣ የአዳራሹን፣ የክሊኒኩን ወንበር አሳምራ ትመለሳለች። እኛ ቤተሰቦቿ «መዶሻ» እንላታለን፤ ሥራዋንም ቁጣዋንም አይተን።

መዶሻን የሚያደክማት ሥራው ሳይሆን እራቱ ነው። በየምግብ ቤቱ በር ላይ «ብቻሽን ነሽ?» ይሏታል፣ የሆነ ነገር የጎደላት ይመስል። ከተቀመጠች በኋላ ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር «ሰው አለው?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ይወስዱባታል። ስለዚህ ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች። ቦርሳዋ ከእሷ ይሻላል፣ ይከበራል።

ይህን ሁሉ ችላው ኖራለች። አንዱን ግን አልረሳችም። ባለፈው ዓመት፣ በአንድ ምግብ ቤት፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሾርባዋን ገና ስታማስል ብዙ ሰዎች እየተንጫጩ ገቡ። ባለቤቱ ራሱ ከገንዘብ መቀበያው ተነሥቶ መጣ። ሳያስፈቅዳት ሰሃኗን አንሥቶ ወሰደና መጸዳጃ ቤቱ በር ሥር ባለችው ማዕዘን አኖረው። እሷም ማንኪያዋን እንደያዘች ተከተለችው። ሰው ሁሉ እያያት ከሰሃኗ ኋላ እንደ ጥጃ መሄዷ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት።

ያው ሰው ነው ዘንድሮ የምግብ ቤቱን ወንበሮች እንድታለብስለት ደውሎ የጠራት። ስትመጣ አላወቃትም። መዶሻ ምን እንደምታደርገው አልቆረጠችም ነበር፤ እንደማትተወው ግን ታውቃለች።

«እህቴ፣ የእኔን ወንበር አደራ» አላት ከጀርባዋ ቆሞ። «ቀኑን ሙሉ የምውለው እሱ ላይ ነው። ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም።»

«እንደ እርስዎ ወንበር የምጨነቅለት የለም» አለችው ሚስማሩን ከአፏ ሳታወጣ።

«ከአሮጌው የወጣውን ስፖንጅ ደግሞ እንዳትጥዪው። ለዚያች ለማዕዘኗ ይሆናል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ሆኗል። ማን ሊቀመጥበት ነው?»

«ብቸኞቹ ናቸዋ» ብሎ ሳቀ። «ካልተመቻቸው ቶሎ በልተው ይነሣሉ። አለበለዚያ አንድ ሰሃን ታቅፈው ሲተክዙ እያመሹ ቤቴን ለቅሶ ቤት ያስመስሉብኛል።»

«ገባኝ ጋሼ። ሁሉም የሚገባውን ያገኛል።»

እሱ ወደ ጓዳ ሲገባ እጇ ቆመ። በሥራ ዘመኗ ሙሉ አንድ ወንበር አበላሽታ አታውቅም፤ እንጀራዋም ስሟም ይኸው ነው። ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ከመስኮቱ እስከ መጸዳጃው በር፣ ሰሃኗን ተከትላ የሄደችበትን መንገድ በዓይኗ ሄደችበት። ከዚያ በኋላ እጇ አላመነታም።

አዲሱን ለስላሳ ስፖንጅ ለማዕዘኗ ወንበር ደርባ ደራርባ አለበሰችው። ድንጋይ የሆነውን ስፖንጅ በባለቤቱ ወንበር፣ አንዱን ጎን ከፍ አድርጋ ከተተችው። መጀመሪያ ሲቀመጥ እንዲያታልለው ከላይ ከለስላሳው ስስ ነገር ጣል አደረገችበት። ቆዳውን ግን እንደዚያ አሳምራ ወጥራ አታውቅም። ሰውየው ዳበስ አድርጎት ተቀመጠና «ወንበር ማለት ይሄ ነው» አለ።

አሁን በዚያ ባለፈች ቁጥር እራቷ እዚያ ነው።

«ብቻሽን ነሽ?» ይላታል አስተናጋጁ።

«ብቻዬን ነኝ። ማዕዘኗን ስጠኝ።»

ተደላድላ፣ ከሾርባው እስከ ፍራፍሬው ሳትቸኩል ትበላለች። ሰውየው ወደ ግራ ያጋድላል፣ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ትራስ ያስመጣል፣ መልሶ ይጥለዋል፣ ወገቡን ይዞ ይነሣል። ብቻዋን የምትበላ ሴት ፊት አያይምና ወንበሩን የሠራችለት እሷ መሆኗን እንኳ አላወቀም። አንድ ቀን በአጠገቧ ሲያልፍ «ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለኝ» ብሎ አጉረመረመ።

«ይሆናላ ጋሼ» አለችው እየጎረሰች። «እግዜር ይማርዎት።»

ቤት ስትመለስ ይህን ስታወራልን ሳቋ ያምርባታል። ይቅር አላለችውም፤ ይቅር በይው ያላትም የለም። እናንተም ልጆቼ፣ ሥራ ወስዷችሁ እዚያ ቤት ብቻችሁን ከገባችሁ ማዕዘኗን ያዙና ቀስ ብላችሁ ብሉ። ሰውየው ወገቡን እያሻሸ መድኃኒት ቢጠይቃችሁ ግን፣ አደራችሁን፣ ወንበርህን አስፈትሽ እንዳትሉት።