ያልፆምኩት ፆም

የሰሊጥ ዘይት ትኩስ ፉል ላይ ሲፈስ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሽው ባለ ቁጥር፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለው ትምህርት ቤታችንና ፍረወይኒ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ።

ፍረወይኒ እንደ እኔው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከትግራይ ጦርነት ከእናቷ ጋር ሸሽታ፣ እናቷን ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ትታ፣ ለመማር ገዳሪፍ አክስቷ ዘንድ መጥታለች። የእኔ አባት ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር መጥቶ እዚያው የቀረ ነው። ለሱዳኖቹ ልጆች ሁለታችንም «ሐበሽ» ነበርን፣ እኛም ወደነው ነበር። በክረምት ጥቁሩ ጭቃ ጫማችንን ሲውጠው አውልቀን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እየተንሸራተትን እንሄድ ነበር፤ ረፋድ ላይ ለፉጡር፣ ለቁርስ ማለት ነው፣ ስንወጣም አንድ ሰሃን ፉል ገዝተን ስንቀመጥ፣ ዳቦውን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር።

አጨዳ ሲደርስ አጎቴ ከመተማ መጣ። ወንድ ልጁ በዚያው ጦርነት ሞቶበታል። ስለ ጓደኛዬ ሳጫውተው፣ «ከነሱ ልጅ ጋር ባንድ ሰሃን ነው ምትበይው?» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

የነቢያት ፆም ገብቶ ነበር፤ የእኛ እኩዮች ግን ብዙም አይፆሙትም። በማግስቱ ለፍረወይኒ፣ «ፆም ይዣለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አልኳት። ውሸቴን ነበር፤ ከእሷ ሰሃን የምርቅበት ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም። እሷ ግን እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ኻላስ፣ በቃ እኔም እፆማለሁ። ብቻሽን አይሆንም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ከንፈሯ ደርቆ ክፍል ውስጥ ስትጠብቀኝ፣ እኔ ሰበብ ፈጥሬ እየወጣሁ ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ጀርባ ፉሌን እበላ ነበር።

በአራተኛው ቀን ፈልጋኝ መጣች። ጣቴ በዘይት ወዝቶ አየችና፣ «አሞሽ ነው እንዴ የፈታሽው?» አለችኝ። አዎ ብላት ታምነኝ ነበር። እኔ ግን መያዜ አናዶኝ፣ «አጎቴ ካንቺ ጋር እንዳልበላ ከልክሎኛል» አልኳት። አጎቴ ጠየቀኝ እንጂ አልከለከለኝም፤ ለገዛ ክፋቴ የሐዘንተኛ ስም ጠራሁ።

ፍረወይኒ ጥላኝ ሄደች፤ ክፍል ስገባ ደብተሯን ይዛ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በጥር ወደ እናቷ ተመለሰች አሉ። በምን ዓይኔ አያታለሁ ብዬ አንድም ቀን ልጠይቃት አልሄድኩም።

አሁን ፆሙን የምሬን እፆማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሆዴ መጮህ ሲጀምር ግን አፍራለሁ፤ ያኔ ይህን ረሃብ፣ እኔ እየበላሁ፣ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ የቻለችው እሷ ነበረች።