የግመል ሞራና የከሰዓቱ ላሜራ

እኔ ስናደድ አፌ አይከደንም። ይህ ጠባይ በደርግ ዘመን ሰው ያስበላ ነበር። እኔን ያተረፈችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬ ስሟን ስጠራ እጄን ወደ ሰማይ አነሳለሁ። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ እሷም አትወድም።

ያኔ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በአንድ የቆርቆሮ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ በላሜራ መጫኛ ፕሬስ ላይ እሠራ ነበር። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ላሜራውን ሴቴ በምንላት ጉድጓድ ባላት ብረት ላይ ታነጥፋለህ፣ ዳር ዳሩን በቀለበት ትይዛለህ፣ ወንዴው ከላይ ይወርድና ላሜራውን እየገፋ ጉድጓዱ ውስጥ ይከተዋል፤ ሳህን ሆኖ ይወጣል። ላሜራው እንዲንሸራተት ቅባት ይፈልጋል። የማሽን ቅባት ከገበያ ስለጠፋ ከሥጋ ተራ የግመል ሻኛ ሞራ እያመጣን እንቀባ ነበር። አቦ፣ የድሬ ሰው መላ አያጣም!

ከዚያ ለሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ሠልጣኞች ሳህን እንድንሠራ ታዘዝን። የድሬ ሰው በቀትር ይተኛል፤ እኛም ብንሆን ፀሐይ ሳትበርድ ማሽን አንነካም ነበር። ትዕዛዙ የወታደር ነውና የማኅበሩ ካድሬ «ጓዶች፣ አብዮቱ አይተኛም!» ብሎ እንቅልፋችንን ሰረዘው። የጠዋቱን ፈረቃ ጓደኛዬ፣ አንድ የሐርላ ሰው፣ ያዘ። ከቀትር በኋላ ያለው ለእኔ ደረሰኝ።

ሳህኖቼ ከታች፣ መታጠፊያቸው ላይ ይቀደዱ ጀመር። የጓደኛዬ ደህና፣ የእኔ ስንጥቅ። ማሽኑ ያው፣ ላሜራው ያው። ካድሬው አንዱን አንስቶ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከና «ይሄ አሻጥር ነው» አለኝ። እኔ አፈኛው ዝም አልል ነገር፣ «እንግዲያው አንተ ና ሥራዋ!» አልኩት። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚመለስ መሆኑን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ጓደኛዬ አላስቻለውም። «ወላሂ ይሄ ሰው ንጹህ ነው፤ ፈረቃ እንቀያየርና እዩት» አለ። ተቀያየርን። ከሰዓት በኋላ የእሱም ተቀደደ። ካድሬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሃ፣ ለካ ሁለት ናችሁ!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሐሙስ ከሰዓት እሱ ራሱ ቆሞ እያየ እንደምሠራ፣ አሁንም ከተቀደደ ከዚያ ወደ ቤቴ እንደማልሄድ ነገረኝ።

ያተረፈችኝ ልጅ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተመደበችልን መሐንዲስ ናት። «እርስዎ» ስትለኝ «በድሬ እርስዎ የሚባለው ፀሐይ ብቻ ነው፤ አንተ በይኝ» እያልኩ አሾፍባት ነበር፤ አልሰማችኝም። ያን ቀን ማንም አጠገቤ መቆም ሲፈራ መጥታ «ጋሼ፣ ላሜራው ምን እንደሚሆን በወረቀት እንየው» አለችኝ። ጋዜጣ ልታነሳ ስትል ክንዷን ያዝኳት። ያኔ ጋዜጣ የማን ፎቶ እንዳለበት ሳይታይ አይቀደድም፣ ልጄ! የሲሚንቶ ከረጢት ፈልጌ ሰጠኋት።

ወረቀቱን አርጥባ ብርጭቆ አፍ ላይ አነጠፈችው። ዳሩን ላላ አድርጌ ስይዝ በአውራ ጣቷ ስትገፋው እየተንሸራተተ ገባ። ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ታቹ ተቀደደ። ቀጥላ ሁለት ላሜራ ላይ በኮምፓስ ትንንሽ ክቦች በእርሳስ ሞላችና አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት አስጫነችን። የጠዋቱ ክቦች ብዙም አልተለወጡም። የከሰዓቱ ግን መታጠፊያው ላይ እንቁላል መስለው ረዝመዋል፤ የተቀደደውም እዚያው ነው። ያኔ ገባኝ። ላሜራው ዳሩ ላይ ተይዞ መንሸራተት ሲያቅተው ከታች ራሱን ይስባል፣ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። የያዘው ደግሞ የእኔ እጅ አይደለም። የሻኛው ሞራ ጠዋት እንደ ቅቤ ረግቶ ብረቱን ከብረት ይለያል፤ በቀትር ቀልጦ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ብረት ብረትን ይነክሳል። በቀትር ስንተኛ በኖርንበት ዘመን ይህን ማን ያየዋል?

«ታዲያ ጥፋተኛው እንቅልፋችንን የሰረዘው ሰውዬ ነዋ! አሁን ሄጄ ልንገረው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ይቀመጡ!» አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ። «ሞራውን የሚያወፍር ነገር እንፈልግ።»

ሳሙና ፈቅፍቀን ከሞራው ጋር እናፍላው አለች። ሳሙና ደግሞ በቀበሌ ራሽን ነው። ሚስቴ የወሩን ሳሙና ሳትሰስት አውጥታ ሰጠችኝ፤ «እስር ቤት ልብስ ከማመላልስልህ ቆሽሸህ ቤቴ ብትቀመጥ ይሻለኛል» አለችኝ። ጓደኛዬም የቤቱን ይዞ መጣ። እግዜር ይስጣቸው፣ ያን ወር ሁለት ቤት ያለ ሳሙና ከረመ።

ሐሙስ ጠዋት አፈላነው። ሲረጋ ቀትር ሆነ፤ ካድሬውም ከሰዓቱ ቀድሞ ከተፍ አለ። ልጅቷ ጥፋቱ የሞራው እንደነበረ፣ በአዲሱ ቅባት እንደማይቀደድ ነገረችው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ቢቀደድስ?»

«ከእሳቸው ጋር ይውሰዱኝ።»

ላሜራውን ቀባሁ፣ አነጠፍኩ፣ በልቤ ገብርኤልን ጠርቼ ጫንኩ። ሳህኑ ወጣ። ካድሬው ነጠቀኝና ወደ ፀሐይ አንስቶ ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ፈለገ። አገላበጠ፣ በጥፍሩ ፈተገ። ሌላ አሠራኝ፤ እሱም ደህና ወጣ። «ቀጥሉ» ብሎ ሄደ።

ጓደኛዬ «አልሐምዱሊላህ!» እያለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ዞር ስል ልጅቷ ቁርጥራጭ ላሜራ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ውሃ በጣሳ አመጣሁላት፤ ጥርሷ ከጣሳው ጋር ይንቀጫቀጫል።

«ምነው ልጄ? እርግጠኛ ነሽ አይደል እንዴ?»

«የት ሞክሬው፣ ጋሼ? አሁን ገና መርጋቱ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን እርግጠኛ ነኝ አልሽው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እስክሞክረው ድረስ እርስዎን የት አገኝዎታለሁ?»

እኔ አፈኛው፣ በአባቷ ዕድሜ የምሆን ሰው ጉልበቷን ልስም ጎንበስ አልኩ።